የአየለች ጉድጓድ

ልጅ ሳለሁ የዋሸሁት አንድ ውሸት አለ። በእሱ ምክንያት የአንዲት ሴት ስም ጠፋ፤ እስከ ዛሬ ለማንም፣ ለባሌም እንኳ፣ አልተናገርኩትም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ያኔም የምንኖረው እዚሁ ስቶክሆልም፣ ብሬዴንግ የሚባል ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እኛን ልጆቹን ይዘው በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር፣ እርሻቸውን በጋራ ወደሚያርሱ አማኞች ሄዱ። ገበሬዎቹ ከጸሎት ቤታቸው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ሦስት ሳምንት አስተናገዱን። እዚያ ክረምት ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ ሁሉ ነገር እርጥብ ሣር እርጥብ ሣር ይሸት ነበር። እናቴ ኢትዮጵያዊት ናት፤ ከመጣነው ሁሉ አማርኛ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ለስዊድኖቹ አስተርጓሚ ሆንኩ፤ ኩራቴ ከቁመቴ በላይ ነበር።

ሲመሻሽ የምግብ ማብሰያው ዳስ ውስጥ እንሰበሰባለን። አባባ ላምቤቦ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ተረት ይነግሩናል፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፋኖሱ ምሰሶው ላይ እየተወዛወዘ፣ እኔ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ተቀብዬ በስዊድንኛ አስተላልፋለሁ።

የልጃቸው ሚስት አየለች ትባላለች። ከተዳረች ዓመት አልሞላትም። ለእኛ ለእንግዶቹ የሚሆነው ቆጮ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖት የሚብላላበትን ጉድጓድ እንድትጠብቅ አደራ የተሰጣት እሷ ናት። መጀመሪያ ቀን ቆጮ ሲቀርብልኝ አፍንጫዬን ስይዝ አይታኝ፣ «አንቺ፣ አፍሽ የኛ ነው፣ አፍንጫሽን ነው ፈረንጅ የወሰደብን» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ወደድኳት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ካሪን እዚያ ምን እንደተቀበረ ልይ አለች። አዋቂ መስዬ ለመታየት ድንጋዮቹን አንከባለልኩ፣ ቅጠሉን ገለጥኩ። ሽታው ሲመጣ ጮኸን ሳቅን። ዝናብ ጀመረ። ቅጠሉን እንደነገሩ መልሰን፣ ከድንጋዮቹ ሁለቱን ብቻ ጭነን ሮጥን። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ዘነበ።

ሴቶቹ ጉድጓዱን ሲከፍቱት ውኃ ገብቶ ቆጮው በስብሶ ነበር። የአየለች አማት ሥራውን ከእሷ ወስደው ለሌላ ሴት ሰጡ። በዚያ አገር ጉድጓድ መጠበቅ ያቃታት ሙሽራ ሌላ ምን አደራ ይሰጣታል? አየለች «በእጄ ነው የጫንኩት፣ እማዬ፣ በእጄ» ስትል ሰማኋት።

አባባ ላምቤቦ አምነዋታል መሰለኝ። ጥርጣሬያቸውም በእኛ ላይ ነበር፤ ግን በእነሱ ዘንድ እንግዳ አይጠየቅም፣ የእንግዳ ልጅም አይወቀስም። ስለዚህ በዚያ ምሽት ተረት ነገሩን። ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፤ አንዱ የአባታቸውን የውኃ ጉድጓድ ክዳን ሰበረ፤ ከብቶቹ ገብተው አቆሸሹት፤ አባትየው ግን አልተቆጣም። እሳት አንድዶ፣ «የሰበረው ልጅ አንድ እንጨት ይጨምርበት። ጥፋቱን እሳቱ ይበላለታል፣ እኔም አልናገረውም» አለ። ይህን ብለው አባባ ጥቂት ጭራሮ ፊታችን አስቀመጡና እስክተረጉም ጠበቁ።

ካሪን ውሸት የማታውቅ ልጅ ነበረች። እውነተኛውን ብትሰማ ተነስታ እንጨቱን ትጨምራለች። አብሮን የመጣው ስዊድናዊ አባቴ፣ አማርኛ ባይሰማም፣ እዚያው ከኋላዬ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚነቴም ያልቃል። ስለዚህ፣ «ወንድማማቾቹ በርዷቸው ነበርና እያንዳንዳቸው እንጨት ጨመሩ፤ ሞቃቸው፣ ተኙ። እኛም እንጨምር» አልኳቸው።

ልጆቹ ሁሉ እየተሳሳቁ፣ እየተሻሙ ጭራሮውን እሳቱ ላይ ወረወሩ። ነበልባሉ ዘለለ።

አባባ ላምቤቦ ፊታቸው ጠቆረ። «ነገርሻቸው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እንዳልኩት?»

«እንዳሉት።»

አየለች የተቀቀለ ድንች በትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። አባባ የቀሩትን ምሽቶች ሁሉ ደክሞኛል እያሉ ተረት አልነገሩንም።

ባለፈው መጸው ከዚያ አገር የመጣች አንዲት ሴት ከአምልኮ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ እነሱ ጠየቅኋት። አባባ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አየለች ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ታማ አርፋለች። «እስከ መጨረሻው ጉድጓድ አፍራሿ እያሉ ይቀልዱባት ነበር» አለችኝ ሴትየዋ ፈገግ ብላ። «እሷም አብራ ትስቅ ነበር።»

ብዙ ተረት ሰምቼ ነበር፤ ሌሎቹ ጠፍተውብኛል። የቀረኝ ያ ያበላሸሁት ብቻ ነው። ለልጄ በአማርኛ እጀምርላትና የእሳቱ ቦታ ስደርስ ዝም እላለሁ። በስዊድንኛ «ከዚያስ?» ትለኛለች። የትኛውን መጨረሻ እንደምነግራት አላውቅም፤ ሂጂ ተኚ እላታለሁ።

አየለችን ማግኘት አልችልም። ይህን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።