ካስኩና የግንዛቤ መድረኩ

«አንቺ ማከፋፈል ነሽ፤ እኛ ማስተላለፍ ነን» አለኝ የመብራት መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።

ወሰን ሰፈር ፀጉር ቤት ከከፈትኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ፀጉር ማድረቂያው ካስኬ ሥራ ከፈታ ሰንብቷል። ያጠብኳቸውን ሴቶች በር ላይ አስቀምጬ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ያድርቅልኝ እያልኩ እለምናለሁ። በዚህ ላይ የጎረቤታችን የጋራዡ ባለቤት እህት ልታገባ ነው። ሙሽራ የተሠራችበትን ፀጉር ቤት ሰፈሩ ሁሉ ይከተላል። እሷ መገናኛ ሄዳ ከተሠራች፣ እኔ ቁልፉን ለአከራዬ ማስረከብ ብቻ ነው የሚቀረኝ።

መሥሪያ ቤቱ ያን ሰሞን ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ መብራቱን ያመነጫል፣ በትልልቁ ምሰሶም እስከ ከተማ ያስተላልፋል፤ ሌላው ለየቤቱ ያከፋፍላል። ተከፈለ ሲባል ተራራቁ ማለት አይደለም፤ ኮሪደሩን ተሻግሬ ማከፋፈል ዘንድ ገባሁ። እዚያ ያገኘኋቸው ትልቅ ሰው ትራንስፎርመሩ የእነሱ እንደሚሆን አልካዱም። ግን የንብረት ርክክቡ ስላላለቀ ገና አልተረከቡትም። እነዚያኞቹ ደግሞ በሐሳብ አስረክበው ጨርሰዋል። ትራንስፎርመር ወላጅ ሲያጣ ያን ቀን አየሁ። ቅዳሜ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ስላለ እዚያ ጠይቂ፣ አንቺም ባለድርሻ አካል ነሽ አሉኝ። ድርሻዬ ጨለማው መሆኑ ነው።

ሠርጉ እሑድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሙሽራዋን ፀጉር አጥቤ በቢጎዲን ጠቀለልኩና፣ ካስኩን በጎማው ኮብልስቶኑ ላይ እያንገጫገጭኩ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ይዣት ሄድኩ። ስለ መብራት ለማስረዳት ጄኔሬተር ተከራይተው እንደሚመጡ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አላሳፈሩኝም። ሙሽራዋ ሰው ያየኛል ብላ በሻርፗ ተጀቦነች። የሚያዩሽ ነገ ነው አልኳት። የኋላው ረድፍ ላይ ሶኬት አገኘሁ፤ ካስኩ ማጉረምረም ጀመረ።

አሠልጣኙ ቃላቱን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ እያበራ ይተነትናል። መልሶ ማዋቀር፣ ተቆጣጣሪ አካል፣ ወጪን የሚሸፍን ታሪፍ። የመጨረሻው ብቻ ነው ያለ ሥልጠና የገባን፤ ዋጋ ይጨምራል ማለት ነው። እጄን አውጥቼ ትራንስፎርመራችን የማን ነው አልኩ። ጥያቄሽ ገንቢ ነው ተባልኩ። ገንቢ ጥያቄ ማለት መልስ የማይሰጠው ነው፤ ይሄኛውን ትርጉም ግድግዳው ላይ አላበሩትም።

ወደ ማብቂያው ላይ የማከፋፈሉ ሰውዬ ጎንበስ ብለው አጠገቤ መጡ። የአቋም መግለጫውን ይዘዋል። በእኛ አገር ስብሰባው ሳይጀመር ማለቂያው ይጻፋል። «እኛ የመድረኩ ተሳታፊዎች በሚገባ ተረድተናል» ይላል ገና ከመጀመሪያው። አሥረኛ ክፍል ስለጨረስኩ፣ ድምፄም ስለሚሰማ እኔ እንዳነበው ታስቧል። ማሽኑን ግን አጥፊው አሉኝ፤ ይረብሻል።

«ትራንስፎርመሩስ?» አልኳቸው።

«እሱ በሂደት ላይ ነው።»

«የእሷም ፀጉር በሂደት ላይ ነው።»

ወረቀቱን ጭኔ ላይ ጥለውት ሄዱ። በማይክራፎን የተሳታፊዎች ተወካይ ተብዬ ተጠራሁ። አንድ ቢጎዲን ፈትቼ ዳሰስኩ፤ ማጅራቷ ጋ ገና እርጥብ ነው። ደግመው ጠሩኝ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን፤ ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች።

ሲደርቅላት ሶኬቱን ነቀልኩ። መግለጫውን ወንበሩ ላይ ትቼ፣ ሙሽራዋን አስቀድሜ፣ ካስኩን እየገፋሁ በኋላ በር ወጣሁ።