ከስብሰባው የወጣችው ሰብሳቢ

የከተማዋ ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ በየዓመቱ የድጋፍ ገንዘቡ ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል። አሠራሩ ግሩም ነው፤ ዘመዱ ከአንዱ አገልግሎት የሚጠቀም አባል፣ ውሳኔው እስኪያልቅ ከክፍሉ ይወጣል። ዘንድሮ የወጣችው ሰብሳቢዋ ራሷ ናት። አልጋ የያዙ አዛውንት እናቷን የምታጥበው የቤት ለቤት ተንከባካቢ ደመወዝ የሚከፈለው ከዚሁ ገንዘብ ነው። ሰብሳቢዋ ደክሟት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች።

በመጨረሻ ምክትሏ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። "እትዬ፣ የሕፃናት ማቆያው ቀደመና ገንዘቡ ለአዛውንቶቹ ሳይደርስ አለቀ። የሚከራከርላቸው ጠፋ።"

"የሚከራከረውን አስወጥታችሁት!"

"ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት እኮ!"

"አውቃለሁ፤ ደግ አደረጋችሁ" አለች በረጅሙ ተንፍሳ።

ገብታ ውሳኔው ላይ ፈረመችና ለእህቷ ደወለች። "እማዬን ማጠብ ከእንግዲህ የእኔና የአንቺ ሥራ ነው። ወገብሽን ጠበቅ አድርጊ።"