ደፈረሰ የተባለው ስክሪን

አምፖል ሲሞቅ ላዩ ላይ የከረመው አቧራ የሚሸተው ሽታ አለ፤ በተቃጠለ ጸጉርና በሞቀ ፕላስቲክ መካከል ያለ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ዓመት ሙሉ ያልተነካ የጠረጴዛ መብራት ሳበራ ያው ሽታ ክፍሉን ሞላውና፣ ሐሳቤን ጅማ፣ ጊንጆ ወዳለው የወላጆቼ ቤት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ወደ ተሸፈነው የእኔና የእህቴ መኝታ ክፍል ይዞት ሄደ።

አባቴ ከድር እዚያው ጊንጆ ውስጥ ጽሕፈት ቤት ነበረው። ጽሕፈት ቤት ይባል እንጂ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር የምትይዘው። ሰዉ ማመልከቻውን፣ ውሉን፣ አቤቱታውን በአማርኛም በኦሮምኛም እየነገረው እሱ ይጽፍለት ነበር። በወጣትነቱ በጽሕፈት መኪና ስለተማረ ፊደሎቹን በጣቶቹ ነበር የሚያውቃቸው፤ ፊቱን ወደ ባለጉዳዩ አዙሮ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ፣ ቁልፎቹን አንዴም ሳያይ ሲጽፍ ቁጭ ብሎ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ቡና በሚለቀምበት ወራት ሥራው ይበዛ ነበር። ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጡ ነጋዴዎች ውል ሊያጽፉ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ወረፋ ይጠብቁ ነበር። አባባ ስክሪኑ ደፈረሰብኝ ማለት የጀመረው በዚያ ግርግር መሃል፣ በኅዳር ነው። መጀመሪያ በመሐረብ ይወለውለው ጀመር፤ ቀጥሎ በአልኮል ሞከረው፤ በመጨረሻም ብርሃኑን እስከ ጥግ ጨምሮት፣ «ውስጡ እርጥበት ገብቶበታል። የጅማ ዝናብ መቼ የማይገባበት አለ» አለ። ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እየጠራኝ የጻፈውን ሁሉ ጮክ ብዬ እንዳነብለት ያደርገኝ ነበር። «ንባብሽ እንዲጠነክር ነው» ይለኛል፤ እኔም የጽሕፈት ቤቱ ሹም የሆንኩ ያህል እየኮራሁ፣ ስህተት ባገኘሁ ቁጥር በጣቴ እየነካሁ፣ ባለጉዳዩ እየሰማኝ አነብለት ነበር። ስህተቱ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየበዛ መሄዱን አይቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠረጠርኩም። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ እያፈሰሰ እማዬ ስትስቅበትም፣ እኔ አብሬያት እስቅ ነበር።

የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ዘንቦ የቡናው አበባ ነጭ ሆኖ ሲፈካ፣ ሽታውም ከከተማው ዳር ተነስቶ ደጃችን ድረስ ሲመጣ፣ አባባ ተስፋ ቆርጦ ያገለገለ ሌላ ኮምፒውተር ገዛ። አሮጌውን ከነስክሪኑ አምጥቶ የእኔና የነኢማ ክፍል ጥግ ላይ አስቀመጠው። እህቴ ነኢማ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ የተበላሸ ነገር አይታ ሳትፈታው የማታድር ልጅ ነበረች። የቤታችንን ሬዲዮና የጎረቤታችንን ካውያ ፈታ ገጥማለች፤ ሬዲዮው ዳነ፣ ካውያው ግን አልዳነም።

ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ተዘጋ። የሰፈራችን ወንዶች ቪዲዮ ቤት እየሄዱ ፊልም ሲያዩ፣ እኛ ሴቶቹ እዚያ እንድንገባ ስለማይፈቀድልን የቆርቆሮውን ጩኸት እየሰማን ቤት እንውል ነበር። በዚህ ሁሉ የተናደደችው ነኢማ አንድ ቀን ከኢንተርኔት ቤት ወረቀት አሳትማ መጣች። የኮምፒውተር ስክሪን ሲፈታ ውስጡ ያለው መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ከሥሩ ኃይለኛ መብራት፣ ከላዩ ሌንስ ካገኘ ምስሉን አጉልቶ ግድግዳ ላይ ይጥላል ይላል ወረቀቱ። መብራቱና ሌንሱ ደግሞ ነበረን። አባባ ቀደም ሲል ከአንድ ትምህርት ቤት ጨረታ ወንበር ሲገዛ፣ አስተማሪዎች ላስቲክ ላይ የጻፉትን ግድግዳ ላይ የሚያሳዩበት አሮጌ ማሽን ተደርቦለት፣ ዕቃ ቤታችን ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር።

«ስክሪኑ እኮ ደፍርሷል» አልኳት።

«እርጥበቱ ያለው ውስጡ ነው። ስንፈታው እናደርቀዋለን» አለችኝ።

በሐምሌ፣ አንድ አርብ፣ አባባ ለጁምዓ ሶላት እንደወጣ ሥራ ጀመርን። ከጀርባው አራት ብሎን ፈታን፤ የፊቱን ፕላስቲክ በማንኪያ እጀታ ዙሪያውን እየፈለቀቅን ስናነሳው ቀጭ ባለ ቁጥር የተሰበረ ይመስለኝ ነበር። ከሥሩ የቆርቆሮ ሽፋን፣ ቀጥሎ እንደ ወረቀት የሳሱ ነጫጭ ላስቲኮች፣ በጠርዙም ከእርሳስ የቀጠኑ መብራቶች ወጡ፤ ነኢማ መብራቶቹን ሳትነቅል ከነሽቦአቸው ቀስ አድርጋ ወደ ጎን አደረገቻቸው። መጨረሻ ላይ መስታወቱ ብቻ ቀረ። በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ አነሳችው። ጥቁር መነጽር ይመስል ነበር፤ በእሱ ውስጥ የግቢያችን ዘይቱን ቅጠል ዝናብ እያንጠባጠበ አንድ በአንድ ይታያል። ብንፈትሸው፣ ብናገላብጠው፣ እርጥበት የለ፣ እድፍ የለ።

«ምንም የለበትም» አለች ነኢማ። ከዚያ መስታወቱን ገልብጣ እንደገና አየችው።

እኔ የፈራሁት ደህናውን ዕቃ ፈትተን አበላሸነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ያሰበችው ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት አባባ በምትኩ የገዛው ስክሪንም ደፈረሰ ብሎ፣ ሻጩን ሱቁ ድረስ ሄዶ፣ «አታላይ!» ብሎ ሰው ፊት ተቆጥቶት ተመልሶ ነበር።

ያም ሆኖ ጀምረን አልተውነውም። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን፤ መስታወቱ እንዳይግል በአራት የእንጨት ቁራጭ ከፍ አድርገን ማሽኑ ላይ አጋደምነው፤ አሮጌውን ኮምፒውተር አገናኝተን አምፖሉን አበራነው። የአቧራው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ነኢማ ሌንሱን ከፍ ዝቅ ስታደርገው ግድግዳው ላይ የነበረው ብዥታ ቀስ በቀስ ተሰበሰበና ፊደል ሆነ፣ እያንዳንዱ የመዳፌን ያህል። አባባ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች አንዱ ነበር። ማሽኑ ከመስታወቱ ጠበብ ስለሚል ግራና ቀኙ በትንሹ ተቆርጧል እንጂ ይነበባል። እልል ልል አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተ።

አባባ ነበር፤ እማዬም ከኋላው ቆማለች። ነኢማ አምፖሉን ልታጠፋ እጇን ስትሰድ፣ «ተይው» አላት። ቁጣውን እየጠበቅን ቆምን። እሱ ግን ግድግዳውን እያየ ማንበብ ጀመረ። «ጉዳዩ፦ ለመንደራችን የመብራት መስመር እንዲገባልን ስለመጠየቅ...» ብሎ ጀምሮ፣ የተቆረጡትን ፊደሎች ከራሱ እየሞላ፣ ሳይደናቀፍ እስከ ፊርማው አነበበው። በስንት ጊዜው መሆኑ ነው፣ ከአባባ አፍ ንባብ ስሰማ።

«ይሄ የየትኛው ስክሪን ነው?» አለ።

«የአንተው ነው፣ አባባ። ደፈረሰ ያልከው» አለች ነኢማ። «ውስጡን በደንብ አይተነዋል። ምንም የለበትም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያ ዓይኔ ነው» አለ። ቃሉን ሲናገር የሰው ምስጢር የሚያወጣ ይመስል ነበር።

«ያ ረቢ! ታውቅ ነበር እንዴ?» አለች እማዬ።

«እጠረጥር ነበር። ስክሪኑ በሆነ እያልኩ ነው የከረምኩት። አባቴንም የጀመረው እንዲህ አድርጎ ነው።»

አያታችንን አላየነውም። ሊሙ ውስጥ ቡና ገበሬ እንደነበረና ዓይኑ ጠፍቶ እንደሞተ፣ አባባም በልጅነቱ ዱላውን ይዞ መስጊድ ለመስጊድ ይመራው እንደነበረ ያን ቀን ነው የሰማነው። እማዬ አልወቀሰችውም። አጠገቡ ተቀምጣ፣ «ሰኞ ሆስፒታል እንሄዳለን» ብቻ አለችው።

ያ ቅዳሜና እሁድ እንዴት እንደረዘመ! ሌሊት አባባ ሲያልፍ የግድግዳውን ጥግ በእጁ እየዳበሰ መሆኑን ሰማሁ፤ ቀድሞም እንዲሁ ሲያደርግ ኖሮ ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ሰኞ አራታችንም በአንድ ባጃጅ ተጠጋግተን ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ዓይኖቹን በመብራት ተራ በተራ አይታ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበችና፣ «የዓይን ሞራ ነው፣ አባቴ። በሁለቱም ላይ አለ፤ ግን ይወጣል» አለችው።

«ይወጣል ማለት?»

«በቀዶ ሕክምና ይወጣል። በምትኩ ሌንስ ይገባልዎታል፤ ያያሉ።»

እማዬ፣ «አልሃምዱሊላህ!» ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። አባባ ግን አልሳቀም። «አባቴስ? የእሱም ይሄው ይሆን ነበር?» ሲል ጠየቃት። «ሳላያቸው ይሄ ነበር አልልም። ሊሆን ይችላል» አለችው። ያኔ አለቀሰ፤ ለራሱ ሳይሆን ለአባቱ።

ዝናቡ አባርቶ መስከረም ሲጠባ ቀኝ ዓይኑን ታከመ። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳ ፊት ለፊቱ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ብዙ ካየኝ በኋላ ዞር ብሎ እማዬን፣ «ይቺ ልጅ አገጯ ላይ ያለው ጠባሳ ምንድን ነው?» አላት። በገና ሰሞን ወድቄ የተሰፋሁት ነበር፤ ወደ ክሊኒክ ያዘለኝም ራሱ ነው። እማዬ እየሳቀች አለቀሰች። በሳምንቱ አባባ ቡና ይዞ የኮምፒውተር ሻጩ ዘንድ ሄደና፣ በተቆጣበት ቦታ፣ ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀው።

ፊልሙም አልቀረብንም። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ክፍላችን ውስጥ ተፋፍገን፣ ተዋናዮቹ ወደ ዳር ሲሄዱ ግማሽ ፊታቸው እየተቆረጠ፣ አምፖሉ እስኪቃጠል ድረስ አየንበት። አባባ ከኋላ ተቀምጦ የሚያየውን ሁሉ ቀድሞ እየተናገረ ይበጠብጠን ነበር።

ዛሬ አባባ ከእማዬ ጋር እዚያው ቤት ነው፤ እኔና ነኢማ ሌላ ከተማ እንኖራለን። ያኔ ትልቁን ሕመም የደበቀው ሰው ዛሬ ትንሹንም አይደብቅም፤ ጉልበቱን ቢቆረጥመው፣ ጥርሱን ቢነዝረው፣ ትንታ ቢይዘው እንኳ ጠዋት ጠዋት ይደውልልናል። ነኢማ፣ «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ አበዛው!» ትላለች። እኔ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ደስ እያለኝ አነሳለሁ፤ ያን ዓመት፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እያነበብኩለት፣ ስለ ዓይኑ ስምንት ወር ሙሉ ዝም ብሎኝ ነበርና።