ሙት ወቃሽ አያድርገኝ

መምህርት አባይነሽ በወላይታዋ በዴሳ ከተማ አንደኛ ክፍል ማስተማር ከጀመረች ሃያ አንድ ዓመት ሆናት። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አፍንጫ ስትጠርግ፣ የተጣሉትን ስታስታርቅ፣ የጠመኔ አቧራ ስትውጥ። ዓርብ ሲደርስ ጉሮሮዋ ይዘጋል፣ እግሯ ያብጣል። ደክሟታል። ድካሙ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የጠመኔው ብቻ አይደለም።

ሐኪም መሆን ነበር የምትፈልገው። አሥረኛ ክፍል ስትፈተን ለፕሪፓራቶሪ የሚያበቃ ውጤት አምጥታለች፤ ወረቀቱን እስከ ዛሬ በላስቲክ ጠቅልላ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አኑራዋለች። ያኔ ፕሪፓራቶሪ ለመማር ሶዶ መውረድ ነበረባት፤ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ከቤት ቆጮና በቆሎ እየተሸከሙ መመላለስ። ጓደኛዋ ንግሥቲ ደግሞ ማደሪያም ምግብም ወዳለበት የመምህራን ማሠልጠኛ ሄደች፤ አባይነሽም ተከተለቻት። አባቷ ካረፈ ወዲህ ለምን ብሎ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አባቴ ነው። ሶዶ አትሄጂም አለኝ።»

ታዲያ ዘንድሮ ልጇ ማክዳ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባች፤ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱ የሚመረጥበትን ቅጽ ይዛ መጣች። ወላጅ መፈረም አለበት። ልጅቷ ማኅበራዊ ላይ ምልክት አድርጋለች፤ ታሪክ ነፍሷ ነው። አባይነሽ ቅጹን አየችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ተፈጥሮ ካልሆነ አልፈርምም። እኔን ያመለጠኝ አንቺን አያመልጥሽም።»

ማክዳ አኮረፈች። እናትና ልጅ ሳምንት ሙሉ ከአንድ ገበታ ሲበሉ «ጨው አቀብዪኝ» እንኳ አልተባባሉም። ቅጹ የሚመለሰው ሰኞ ነው፤ ሰኞ ካለፈ ትምህርት ቤቱ በፈለገበት ይመድባታል። እናት ራሷን የራባትን ለልጇ በግድ ስታጎርስ አይታችሁ ይሆናል፤ ይኸው ነው።

ቅዳሜ አባባ ሶርሳ መጡ። የአባይነሽ አባት ታናሽ ወንድም ናቸው። በማግሥቱ ጊፋታ ነው፤ ለወላይታ ሰው ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መግባት ነውር ስለሆነ፣ ሽማግሌው በየዓመቱ በዘመድ ደጅ እየዞሩ ያስታርቃሉ።

«በዚህ ቤት የተኳረፈ አለ?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«እኔና እማዬ» አለች ማክዳ።

ሁለቱንም ሰሙ። አባይነሽ እንደ ልማዷ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብላ ስትጀምር እጃቸውን አነሱ።

«እዚያ ላይ ይብቃሽ። አባትሽ ቤት ሊከራይልሽ ሶዶ ድረስ ስንሄድ እኔም አብሬ ነበርኩ። ክፍሏን አየሽና ብቻዬን አላድርም፣ ከንግሥቲ ጋር እሄዳለሁ ብለሽ አለቀስሽ። ወንድሜም እንደወደደች አለ። ሌላ ያለው የለም።»

አባይነሽ አልደነገጠችም፤ የከፋውም ይኸው ነው። ታውቀው ነበር። መስኮት የሌላትን ያቺን ጠባብ ክፍል፣ የበሩን ዝገት፣ ሁሉንም ታስታውሳለች። በሰው ማሳበብ ግን ይቀላል፤ የሞተ ሰው ደግሞ መልስ አይሰጥም። አፈረች።

«ልጅ ነበርኩ አባባ» አለች። «አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፈራሁ።»

«ብትፈሪ ማን ተቆጣሽ? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።» ወደ ማክዳ ዞሩ። «አንቺስ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«ይህን የመረጥሽው ፈርተሽ ነው?»

«አይደለም አባባ። ወድጄው ነው።»

አባይነሽ ቅጹን አስመጣችና ፈረመች። ማክዳ የእናቷን ጉልበት ሳመች፤ እርቅ ሆነ።

አባባ ሶርሳ ወደ ሌላው ዘመድ ቤት ከሄዱ በኋላ አባይነሽ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ማክዳዬ፣ አያትሽ አልከለከለኝም» አለች። «ከለከለኝ እያልኩ ስነግርሽ የኖርኩት ውሸቴን ነው።»

ማክዳ አያቷን አይታው አታውቅም፤ ስለ እሱ የምታውቀው ያንን አንድ ወቀሳ ብቻ ነበር። ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ታዲያ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ማሠልጠኛ ስሄድ ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ የተሸከመልኝ እሱ ነው» አለች አባይነሽ። «መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት በኩል፣ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ተመለሺ፣ የሶዶዋን ክፍል እስከ ወር መጨረሻ ይዤልሻለሁ አለኝ።»