ብስክሌቴ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ወረደች

እሁድ ማለዳ፣ ጎንደር መናኸሪያ

ባቡር ባለበት አገር ብስክሌት የራሱ ቦታ አለው አሉ። ባለቤቱ ይዞት ይገባል፣ ጥግ ላይ ያስረዋል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ተራራውን በመስኮት ያያል። ይህን በስልኬ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ጎንደር ባቡር የላትም። ያለን የደባርቅ አውቶቡስ ነው፤ እኔም ብስክሌቴን እሱ ላይ ልጭን ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ።

ሐሳቤ ቀላል ነው፦ በአውቶቡስ ደባርቅ ወጥቼ፣ እዚያ አድሬ፣ በራሴ እግር እየነዳኋት ጎንደር መግባት። ብስክሌት የተማርኩት ከመምህርነት በጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አዘዞ መንገድ ላይ ስወድቅ ስነሳ ያላየኝ ሰው የለም። ልጄ ሕሊና ነገሩን ከሰማች ጀምሮ አኩርፋኛለች፣ ጎረቤቶቼም ከንፈር ይመጥጣሉ። እነሱ ይበሉ። እኔ ግን ይህን መንገድ ሳልጨርስ ብመለስ ራሴን እንደ አሮጊት መቁጠር እንደምጀምር አውቃለሁ፤ የምፈራው እሱን ነው።

መናኸሪያው በጩኸት ተሞልቷል። ሽንኩርት በጆንያ፣ የቆርቆሮ ጥቅል፣ ፍራሽ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች። ሁለት ተሸካሚዎች ቀይዋን ብስክሌቴን ብድግ አድርገው ጣሪያው ላይ አወጧት፣ ፍራሹ ላይ አስተኝተው በገመድ ጠፈሯት። እኔ ከታች ሆኜ ፍሬኗን እንዳትነኩ እያልኩ እለፈልፋለሁ። ለሷም እንደ ሰው አስከፈሉኝ። ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ኩራት ተሰማኝ።

ከኮሶዬ ወደ ላይ

ዳገቱ ይጀምራል። አውቶቡሱ ያቃስታል፣ ጉም በመስኮቱ ይገባል። በግራ በኩል መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከስር ቆላው በጠዋት ብርሃን ተዘርግቷል። እያንዳንዱን መታጠፊያ በዓይኔ እለካለሁ፤ እዚህ ጋ ፍሬን፣ እዚህ ጋ ልቀቂያት እያልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "አይ እንግዲህ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አምባ ጊዮርጊስ ስንቆም ከጣሪያው በላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሰው ይወርዳል፣ ዕቃ ይወርዳል። እኔ በሌላው ወገን በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየገዛሁ ነበር። ትኩስ ነው፣ ጣት ያቃጥላል።

ዳባት

ለሻይ ወረድንና ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ፍራሹ ብቻውን ተኝቷል። ሻዩን ትቼ ወደ ረዳቱ ሮጥኩ።

የአውቶቡሱ ረዳት ሞላ ይባላል፣ ጠጉሩ የሸሸ ጎልማሳ ነው። ብስክሌቴ የት እንደደረሰች ብጠይቀው ለባለቤቷ አስረክቤያለሁ አለኝ፤ ኩራትም አለበት። በዚህ መንገድ ዕቃ የሚላከው እንዲህ ነው። ላኪው የተቀባዩን ስም ለረዳቱ ይነግራል። ተቀባዩ መንገድ ዳር ይጠብቃል፣ ስሙ ሲጠራ እጁን ያወጣል፣ ዕቃው ይወርድለታል። በቃ። ጠዋት እኔ ሳልደርስ አዳነ የሚባል ሰው መጥቶ "አምባ ጊዮርጊስ ላለው አባቴ ለአያ ታከለ የምልከው ብስክሌት አለ፣ አሁን አመጣዋለሁ" ብሎት ነበር። ሞላ ቁርሱን በልቶ ሲመለስ ጣሪያው ላይ አንድ ብስክሌት አገኘ። አደራው ይሄው ነው አለ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ስም ጠራ፣ እጅ ወጣ፣ ብስክሌቴ ወረደች።

"ምነው ከተሳፋሪው ማንንም ሳትጠይቅ?" አልኩት።

"እትዬ፣ ሁሉንም በዓይኔ አየሁ። እርስዎ ይነዳሉ ብዬ በምን ልጠርጥር?"

ልቆጣ ብዬ ሳቄ መጣ። ሞላ አዳነ ጋ ደወለ። የሱ ብስክሌት አሁንም ጎንደር መናኸሪያ ነው፤ ይዞት ሲመጣ አውቶቡሱ ወጥቷል። ነገ ጠዋት ይጫናል ተባባሉ። ሞላ ላብ በላብ ሆኖ ወደ ኋላ በሚመለስ ሚኒባስ አሳፈረኝና የአያ ታከለን መንደር ለሹፌሩ ነገረው።

አያ ታከለ ደጅ

መንደሩ ከአምባ ጊዮርጊስ ከተማ ወጣ ብሎ መንገዱ ዳር ነው። የምናገረውን እየሳልኩ ወረድኩ። መስኩ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ መሐሉ ላይ ቀይዋ ብስክሌቴ፣ እስከ እጀታዋ በጭቃ ተለውሳለች። ቄሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ባርከው ጸበል ረጭተዋታል። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ልጅ ትወጣለች፣ ትወድቃለች፣ እየሳቀች ትነሳለች። የአያ ታከለ ልጅ ትርንጎ ናት።

ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ። አያ ታከለ ጎንበስ ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ጭቃውን ይጠርጉ ጀመር።

"አላወቅሁም እኅቴ። ይውሰዷት፤ ግን እህል ሳይቀምሱ አይሄዱም" አሉኝ።

የሳልኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። የገብስ ዳቦና ሽሮ ቀረበ። እየበላን ሳለ በረዶ ጣለ፣ ደባርቅም ለዛሬ ቀረ። ነገሩን የሰማሁት ያኔ ነው። ትርንጎ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፣ ትምህርት ቤቷ ከተማ ነው፣ ፈረቃዋ ከሰዓት። በእግሯ ስትመለስ ይመሽባታል። አያ ታከለ በየምሽቱ መንገድ ላይ ወጥተው ቆመው ይጠብቋታል፤ ብስክሌት ካልተገኘ ትምህርቱን እንድታቆም ተወስኗል።

በረዶው ሲያባራ ኮርቻውን ከኋላ ያዝኩና "ተቀመጪ፣ ወደ ታች አትዪ" አልኳት። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ጭቃ ላይ ሮጥኩ! ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሳላሳውቃት ለቀቅኳት፤ መስኩን ዳር እስከ ዳር ብቻዋን ሄደች። እኔ ነኝ እልል ያልኩት።

ሰኞ ጠዋት

አውቶቡሱ መጣ። ሞላ ራሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የአያ ታከለን ስም ሁለቴ ጠራ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። የወረደው ጥቁር፣ ከባድ የወንድ ብስክሌት ነው፣ እንደ ኔዋ ሳይሆን መሐሉ ላይ ረጅም ብረት የተጋደመበት። ትርንጎ የደንብ ልብሷን ለብሳለች፣ ጉርድ ቀሚስ። እግሯን ብታነሳ ቀሚሷ ብረቱ ላይ ተያዘና ወደቀች። ደገመችው፤ ክንዷ ተላጠ። አባቷን እያየች እለምደዋለሁ አለች።

የኔዋ ብስክሌት ለመጫን ተዘጋጅታለች። ሞላ ገመዱን ይዞ ይጠብቀኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴ እምቢ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ የራሴ ብዬ ያማረኝ አንድ ነገር ቢኖር እሷ ናት። ደግሞስ በማላውቀው ብስክሌት ያን ሁሉ ቁልቁለት? ዞር ብዬ ሱሪዬን አየሁ። ከዚያ ከመንደሩ ሴት ሁሉ ሱሪ የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

"ሞላ፣ ቀይዋን ተዋት" አልኩ። "ጥቁሩን መልሰህ ጫነው። ወደ ደባርቅ።"

አያ ታከለ ክንዴን ያዙ። "ምነው እኅቴ፣ የሰው ንብረት!"

"ተለዋወጥን እንጂ አልሰጠሁም" አልኳቸው። ቀይዋን ግን ዞሬ ሳላይ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ።

ማክሰኞ

ረቡዕ በሰላም ጎንደር መግባቴን፣ ፒያሳ ላይ ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ እንደተቀበሉኝ አስቀድሜ ልንገራችሁና ማክሰኞን ልጨርስ።

ከደባርቅ ስነሳ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ጥቁሩ ብስክሌት ዳገት ላይ በሬ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ወርጄ ገፋሁት፣ ሰደብኩት፣ ለመንኩት። ቁልቁለት ላይ ግን! ክብደቱ ይዞኝ ይወርዳል፣ ነፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፣ የገብሱ ማሳ በሁለቱም ጎን ይሮጣል። ለብቻዬ እየሳቅኩ ዳባትን አለፍኩ። በአንድ ቀን ጎንደር መግባት ያልኩት ግን ቅዠት ነበር፤ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ገና አያ ታከለ መንደር አጠገብ ነኝ፣ እግሬም አለቀ።

ከፊት ለፊት፣ ከከተማው በኩል፣ አንድ ቀይ ነገር ሲመጣ አየሁ። ትርንጎ ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ አዝላ ትነዳለች። አየችኝ፣ እጇን ልታወዛውዝ አነሳችና ፈርታ መልሳ ያዘችው። እኩል ደጃቸው ደረስን።

አያ ታከለ ጋቢያቸውን እየደረቡ፣ በትራቸውን ይዘው ከበሩ ሲወጡ ተገናኘን። ልጃቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። ገና አልመሸም።

"ልጠብቅሽ ልወጣ ነበር" አሏት። ከዚያ በትሩን ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው ትንሽ ቆሙና በሩ ላይ አስደግፈውት ተመልሰው ገቡ።