የሺሃረግ እና የሼቬሉ ድምፅ

የሺሃረግ ተድላ መኪናውን ከማየቷ በፊት ሰማችው። በመኪና ማንሻ ሊፍት ላይ በተሰቀለ ፒክአፕ ሥር ቆማ የዛገ ቱቦ እየቆረጠች ነበር። የስምንት ሲሊንደር ሞተር ድምፅ ወደ ጋራዡ ግቢ ታጥፎ ሲገባ መቁረጫውን አጠፋችና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች። ድምፁ ትልቅ ነው፤ ደስ ግን አይልም። ሰው ባዶ በርሜል ውስጥ አንገቱን ከትቶ የሚጮህ ይመስላል።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለች ለራሷ። ገና ማንነቱን በማታውቀው ሰው ላይ ተናደደች።

ዓመቱ በፈረንጅ 1994፣ ቦታው ምሥራቅ ኦክላንድ፣ የዕቃ ባቡር ከሚያልፍበት ሐዲድ ጎን ያለ ማርሚታ፣ የመኪና ጭስ ማውጫ፣ የሚሠራበት ጋራዥ ነው። የሺሃረግ እዚያ ስትሠራ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷ የምድር ባቡር በያጅ ነበሩ። ስድስት ሴቶች ወልደው ወንድ ስላላገኙ፣ ሦስተኛዋን ልጃቸውን እሑድ እሑድ ጓሮ ውስጥ ብየዳ ያስተምሯት ነበር። የተበየደውን ብረት በመዶሻ መታ ያደርጉና «ስሚው» ይሏታል። ደህና ብየዳ ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ውስጡ ክፍተት ያለበት ደግሞ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል።

በጅቡቲ በኩል አሜሪካ ከገባች በኋላ ሦስት ዓመት የሆቴል አልጋ አነጠፈች። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እየሄደች ከሃያ ሁለት ወንዶች ጋር ብየዳ ተምራ ሰርተፊኬቷን ያዘች። ሰባት ጋራዥ ሥራ ጠየቀች። ስድስቱ «ፍሮንት ዴስክ ላይ ሰው አንፈልግም» አሏት። እሷ የጠየቀችው ግን እንግዳ መቀበያ ላይ ሳይሆን ብየዳ ላይ ለመሥራት ነበር።

ሰባተኛው የዚህ ጋራዥ ባለቤት ዶን ነው። ዶን ጀርባውን ስለሚያመው መኪና ሥር መግባት የተወ ሽማግሌ ነው። ሁለት ቁራጭ ቱቦ ሰጥቶ አስበየዳት፤ አገላብጦ አየና «ሰኞ ነይ» አላት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት፤ ደንበኛ ባለበት ከፊት እንዳትወጣ። ደንበኛ የሚያነጋግረው ጌሪ ነው። ጌሪ ጸጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ አፉ የማይደክመው ሰው ነው፤ ቱቦ እጠፍ ሲሉት ግን ያጨማድደዋል። ቢሆንም ወርክ ኦርደሩ፣ ማለትም የሥራ ማዘዣው ወረቀት ላይ «የሠራው» በሚለው ቦታ የሚጻፈው ሁልጊዜ የሱ ስም ነው። አራት ዓመት ሙሉ የሺሃረግ አጠፈች፣ በየደች፣ ሰቀለች፤ ሰዎቹ ግን የጌሪን እጅ ጨብጠው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሄዱ። እሷ ከኋላ በመስኮት እያየች መንጋጋዋ እስኪያማት ጥርሷን ትነክሳለች።

የዚያን ቀን የገባው የ1969 ሼቬል፣ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ እንደ አዲስ የተወለወለ። ከውስጡ የወረዱት ሰው ሃይለሚካኤል ይባላሉ። አስመራ የተወለዱ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ቴሜስካል ሰፈር ላውንደሪ ያላቸው ሰው ናቸው። ሼቬሏን የገዟት ተማሪ ሳሉ ነው፤ ሁለት ሞተር አልቆባት እንኳ አልሸጧትም።

«ድምጿ ጠፋ» አሉት ለጌሪ በእንግሊዝኛ። ሳን ሆዜ ያለ አንድ ጋራዥ «ስፖርት እናደርግልዎታለን» ብሎ የድሮውን ማርሚታ ነቅሎ ጥሎ ሰፋፊ ቱቦ ገጥሞላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ፍሪዌይ ላይ ስድሳ ማይል ሲደርሱ ጆሯቸው ውስጥ ንብ የገባ ይመስላቸዋል። ሚስታቸውም ሁለተኛ አልሳፈርም ብለዋል።

«ችግር የለም፤ ሌላ ማርሚታ እንገጥምበታለን» አለ ጌሪ፣ ጥርሱን እያሳየ።

የሺሃረግ ጎንበስ ብላ የመኪናውን ሆድ አይታ ጨርሳለች። አላስቻላትም፤ ወጣች።

«ማርሚታው ብቻ አይደለም» አለች። «ቱቦዎቹ ለዚህ ሞተር ይሰፋሉ። የግራውንና የቀኙን የሚያገናኝ ድልድይ የለም። ጫፋቸው ደግሞ ወለሉ ሥር ተቆርጦ ቀርቷል። ድምፁ ወደ ኋላ መውጣት ሲገባው ወለሉን እንደ ከበሮ እየደበደበው ነው።»

ጌሪ ዞር ብሎም ሳያያት «ፒክአፑ እየጠበቀሽ ነው» አላት።

ሃይለሚካኤል ግን አዩአት። ከአነጋገሯ አገሯን አወቁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ፣ «ሐበሻ ነሽ እንዴ? ጎሽ ጓለይ፣ ጎሽ ልጄ፣ በርቺ» አሏት። ቀጠሉና፣ «ይሄን ነገር ግን ለነሱ ተይላቸው። የጉልበት ሥራ ነው፤ እጅሽን ይጎዳሻል» አሉ።

ከልባቸው አዝነውላት ነው። የሺሃረግን ያንገበገባትም ይኸው ነበር። የጌሪን ንቀት ለምዳዋለች፤ የገዛ ወገኗ እያዘነላት ሲንቃት ግን እንዴት አድርጋ ትዋጠው? ወደ ፒክአፑ ተመለሰች። መቁረጫውን አስነስታ የዛገውን ቱቦ መቁረጥ ቀጠለች።

ሼቬሉን ጌሪ ራሱ ሠራው። ውስጡ የመስታወት ጥጥ የታጨቀ፣ ቀጥ ያለ ቀጭን ማርሚታ ገጠመበትና ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተወው። የሺሃረግ እያየች ነበር። ሁለት ጊዜ «ይሄ ይብሳል» አለችው። ሁለቱንም ጊዜ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

በሳምንቱ ሼቬሉ ተመልሶ መጣ። ባዶ በርሜል ይመስል የነበረው ድምፅ አሁን የተቀደደ በርሜል ሆኗል። ነዳጅ ሲሰጡት ያንቧርቃል፤ ሲለቁት እንደ ርችት ይንጣጣል። ሃይለሚካኤልን ሄይዋርድ ከተማ አጠገብ ፖሊስ አስቁሞ ቅጣት ጽፎባቸዋል። ፊታቸው ተለዋውጦ ገቡ።

ጌሪ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «በጣም ይቅርታ ጌታዬ። እውነቱን ልንገርዎት፣ የሠራችው ልጅቷ ናት። ገና እየተማረች ስለሆነ ነው።»

የሺሃረግ ከበሩ ኋላ እጇን እየታጠበች ነበር። እያንዳንዱን ቃል ሰማች። አራት ዓመት ሙሉ የሷን ሥራ በስሙ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ዛሬ የራሱን ብልሽት በሷ ስም ጻፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራተኛ ተብላ የተጠራችው ለዚህ ነው!

ሃይለሚካኤል በቀጥታ ወደሷ መጡ። «አንቺ ነሽ ያበላሸሽብኝ? ተይላቸው ብዬ ነግሬሽ አልነበር?»

ሳሙናውን ከእጇ ሳታለቀልቅ ዞረች።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የመኪናዎን። እርስዎም ይግቡ።»

ምናልባት ዓይኗን አይተው ይሆናል፤ ሰጧት። ጌሪ «ኢንሹራንስ የለሽም!» እያለ ሲጮህ ትታው ወጣች። 880 በሚባለው ፍሪዌይ ላይ ገብታ ወደ ደቡብ ነዳች። ስድሳ ማይል ሲደርስ መስኮቶቹ መንዘርዘር ጀመሩ።

«እጅዎን ወለሉ ላይ ያድርጉ!» ብላ ጮኸች። ያለ ጩኸት መነጋገር አይቻልም ነበር፤ እሷም መጮህ አምሯታል። «ተሰማዎት? ቱቦው ከእግርዎ ሥር ነው የሚያልቀው። ያንን ነው ባለፈው የነገርኳችሁ! አሁን ደግሞ ሞተሩን ይስሙት። ግራው አራት፣ ቀኙ አራት ነው። ተራ በተራ አይተነፍሱም። አንደኛው ወገን ሁለቴ አከታትሎ ይተነፍስና ያርፋል፤ ከዚያ ሌላው። መሐላቸው የሚያገናኝ ቱቦ ቢኖር ትንፋሹን ይካፈሉት ነበር። የለም! ስለዚህ ሁለቱም ለየብቻ ይንተባተባሉ። ማርሚታው ደግሞ ባዶ ወንፊት ነው። ምኑን ይዋጠው?»

ሃይለሚካኤል እጃቸውን ወለሉ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ሳን ሊያንድሮ ላይ ከፍሪዌዩ ወጥታ ተመለሰች። ግቢው እንደገቡ ሼቬሉን ሊፍቱ ላይ ሰቀለችና ሰውየውን በክርናቸው ይዛ ከሥሩ አቆመቻቸው።

«ይሄ የጌሪ ብየዳ ነው» አለች። የፈሰሰና የረጋ ገንፎ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ፒክአፑ ወሰደቻቸው። «ይሄ ደግሞ የኔ። ይዩት። ከዚያ ያበላሸሁት እኔ ከሆንኩ እንደገና ይንገሩኝ።»

ሃይለሚካኤል በፒክአፑ ቱቦ ላይ የተደረደረውን ቀጭን፣ እኩል እኩል የሆነ ብየዳ በጣታቸው ዳሰሱ። በዚህ መሐል ዶን ጫጫታውን ሰምቶ ከቢሮው ወጥቷል።

«ይህን መኪና እኔ እሠራዋለሁ» አለችው የሺሃረግ። «ከሥር እስከ ላይ። ጌሪም እስክጨርስ ድረስ ይህቺን በር አያልፍም።»

ዶን ደንበኛውን አየ። ሃይለሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እሷ ትሥራው» አሉ።

ሁለት ቀን ፈጀባት። ሰፋፊዎቹን ቱቦዎች አውጥታ ጣለች፤ ለሞተሩ ልክ የሆኑ ጠበብ ያሉ አጠፈች። ድልድዩ የቱ ጋ እንደሚገባ ለማወቅ ሁለቱን ቱቦዎች በጥቁር ቀለም ቀብታ ሞተሩን አስነሳች። ቀለሙ ከፊት በኩል እየጨሰ ተቃጠለና አንድ ቦታ ሲደርስ መቃጠሉን አቆመ። እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋ፣ ቆርጣ፣ አገናኘቻቸው። ማርሚታዎቹን ውስጣቸው በብረት ግድግዳ የተከፋፈለ አደረገቻቸው፤ ድምፁ ግድግዳ ለግድግዳ እየተላተመ ስለሚያልፍ ስለቱ ይቀርና ወፍራሙ ይወጣል። የቱቦዎቹን ጅራቶች ከመኪናው የኋላ እግር በላይ አሳልፋ እስከ መከላከያው ድረስ አወጣቻቸው።

ሃይለሚካኤል ሲመጡ ቁልፉን ሰጥታቸው ዞር አለች። ሞተሩ ተነሣ። ዝቅ ያለ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ፣ እያንዳንዱ ምት የሚቆጠር ድምፅ ነበር። ነዳጅ ሲሰጡት ምቶቹ ተሰብስበው አንድ ሆኑና ከፍ አሉ፤ ሲለቁት ያለ አንዳች መንጣጣት ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሃይለሚካኤል መሪውን እንደያዙ አቀረቀሩ። ፍሪዌይ ላይ ደርሰው ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ይሄ ነው! ያኔ የገዛኋት ቀን እንዲህ ነበረች» አሉ። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «በማርያም፣ እንደ ወንድ ነው የሠራሽው!» አሏት።

የሺሃረግ እጇን ነጠቀች።

ይህ ሳይበቃ ዓይኗ ዶን ለሰውየው በያዘው ወርክ ኦርደር ላይ አረፈ። «የሠራው፦ ጌሪ» ይላል።

«አስተካክለው» አለችው።

«የሺ፣ ወረቀት ነው እኮ» አለ ዶን፣ ራሱን እያከከ። «ፋይላችን ሁሉ በጌሪ ስም ነው። ደንበኛ ግራ ይጋባል። በሰላም እንሥራ።»

«ያበላሸው ጊዜ ግን በኔ ስም ሲሆን ማንም ግራ አልተጋባም።»

የሺሃረግ መልስ አልጠበቀችም። የመሣሪያ ሣጥኗ የራሷ ነው፤ እየገፋች አወጣችው። ጌሪ በሩ ላይ ቆሞ «ሰኞ ትመለሳለች» ሲል ሰማችው። የሣጥኑን ጎማ እግሩ ላይ ልታሳልፍ አሰበች፤ እሱ ቀድሞ ዘለለ።

ሰኞ አልተመለሰችም። ከኦክላንድ በስተደቡብ ባለችው ኒውአርክ፣ መጋዘኖች መሐል፣ ራዲያተር ከሚጠግን ቤቶ ከሚባል ሜክሲኮአዊ ጋር አንድ በር ተካፍላ ተከራየች። ወራት ሙሉ እዚህ ግባ የሚባል ደንበኛ አልመጣም። አንድ ጊዜ ዶን ኮል አደረገላት። ሼቬሉን የሰማ አንድ ሰው «ልክ እንደዚያ አድርጉልኝ» ብሎ መጥቶ ጌሪ ሁለቴ ሞክሮ አቅቶታል። «ለአንድ ቀን ብቻ ነይልን» አላት። የሺሃረግ «ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው ጠይቀው» ብላ ዘጋችው፤ ዘግታም ያን ቀን ሙሉ ንዴቷ አልበረደም።

በጥቅምት ሃይለሚካኤል እሷን ሲፈልጉ ከርመው መጡ። ከኋላቸው ሳን ሆዜ የሚኖሩ የአሮጌ መኪና ወዳጆቻቸው ሁለት መኪና ይዘው ቆመዋል።

«ስምሽን ለሰው ሁሉ ነግሬአለሁ» አሉ ፈገግ ብለው።

እሷ ፈገግ አላለችም። «ባለፈው ያሉኝን ያስታውሳሉ?»

«ምን አልኩ?»

«እንደ ወንድ።»

ሰውየው ደነገጡ። «ማሞገሴ ነበር እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ጌሪም ወንድ ነው ጋሼ። የሱን ሥራ በእጅዎ ዳስሰዋል።»

ሰውየው እጃቸውን አዩ። የጓደኞቻቸው ሞተሮች እንደተነሡ ነበሩ። በመጨረሻ፣ «ተሳስቻለሁ። ተይላቸው ስልሽም፣ እንደ ወንድ ስልሽም» አሉ።

የሺሃረግ «ኧረ ምንም አይደል» አላለችም፤ አይደለምና። «መኪኖቹን ያስገቡ፣ መንገድ ዘግተዋል» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ አላጣችም። ብዙዎቹ አሁንም በሩ ላይ ቆመው ቤቶን «መካኒኩ አንተ ነህ?» ይሉታል። ቤቶ በአገጩ ወደሷ ያሳያል። እሷም እያንዳንዷን ጊዜ፣ ልክ እንደ መጀመሪያዋ ትናደዳለች።

በ1998 የጆሮ ሐኪም የቀኝ ጆሮዋ ቀጫጭን ድምፅ መስማት እንዳቆመ ነገራትና ሌላ ሥራ እንድትፈልግ መከራት። ሳን ሊያንድሮ አብራት የምትኖረው የአክስቷ ልጅ ፀደይም «ተይው በቃ፣ ይበቃሻል» አለቻት። የሺሃረግ ሳምንት ሙሉ ከሁለቱም ጋር ተኳረፈች። ከዚያ ወፍራም የጆሮ መከላከያ ገዛችና ብየዳውንም ቆረጣውንም በሱ መሥራት ጀመረች። የምታወልቀው አንዴ ብቻ ነው፤ ሥራው አልቆ ቤቶ ሞተሩን ሲያስነሳላት፣ ግራ ጆሮዋን ወደ ጅራቱ አዙራ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች። ካልተስማማት «አጥፋው» ትለዋለች፤ እንደገና ከሥሩ ትገባለች።