ስም የሌላቸው ቁልፎች

ሰሚሃ የምታነበው በጆሮዋ ነው። በስድስት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ወሰደው። የእጅ ስልኳ የተጻፈውን ጣቷ ባረፈበት ቦታ ሁሉ እያነበበላት ዲግሪዋን ይዛ ወደ ሐይቅ ከተማ ከተመለሰች ሦስት ዓመት አልፏል። ሥራ ግን የለም።

የመምህራን ቅጥር ወጣ ሲባል ምዝገባው በድረ ገጽ ብቻ ሆነ። ደጅ መጥናት ቀረልኝ ብላ ደስ አላት። ገጹን ከፍታ ጣቷን አሳረፈች።

«ቁልፍ» አለ ስልኩ። ወደ ታች ወረደች። «ቁልፍ። ምስል። ቁልፍ።»

ገጹን የሠሩት ሰዎች ለሚያይ ሥዕል አስቀመጡ እንጂ ለሚሰማ ስም አልጻፉም። ሁለት ቀን ታገለችው። በሦስተኛው ቀን ምዝገባው ሊዘጋ ሲል በትሯን ይዛ ከጎረቤቷ ከአሕመዲን ኮምፒውተር ቤት ገባች።

«አያ፣ ዓይነ ስውር መሆኔን መሙላት እንዳትረሳ። ለፈተናው አንባቢ የሚመድቡልኝ እሱን አይተው ነው።»

«አብሽሪ፣ ሁሉንም ሞልቼዋለሁ» አላት ሲጨርስ።

እቤቷ ገብታ የተሞላውን ለማየት ገጹን ነካችው። «ቁልፍ» አላት።

የፈተናው ዕለት በሚኒባስ ውጫሌ ሄደች። ፈታኙ ዝርዝሩን አገላበጠ።

«ሰሚሃ አብዱልመናን... ጉዳት የለባትም ነው የሚለው። አንባቢ አልተላከልሽም።»

«ዓይኔን እያየኸው?»

«እኔማ አያለሁ እህቴ። የታዘዝኩት ግን ወረቀቱን ነው።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ የሌሎቹን ገጽ መግለጥ ስትሰማ ቆይታ ወረቀቱን ነጩን መለሰች።

ተመልሳ ስትጠይቀው አሕመዲን አልካደም። «ወላሂ ለክፋት አይደለም! ዕውር ናት ብለው ገና ከበሩ ይጥሉሻል ብዬ ነው። የሰው ጉድለት መሸፈን አላህ ዘንድ አጅር አለው ሲባል ነው ያደግነው።»

«ሸፍንልኝ አልኩህ እንዴ?»



በዓመቱ ሌላ ቅጥር ወጣ። ገጹ ያው ነበር። ሰሚሃ ስልኳን ኪሷ ከታ ወደዚያው ቤት ወረደች፤ በሰፈሩ ሌላ ኮምፒውተር የለም።

«ዘንድሮ ጮክ ብለህ እያነበብክ ሙላ» አለችው።

አነበበ። ስም። ዕድሜ። የትምህርት ደረጃ። ከዚያ ድምፁ ትንሽ ዝግ አለ። «አካል ጉዳት... አለ። ይኸው፣ አለ ብያለሁ።»

የማውሱን ጠቅታ ሰማች። የቱ ላይ እንዳረፈ ግን ጠቅታው አይናገርም።